ባዶውን ወንበር ማን ይክፈል? የጎንደርን ታክሲ፣ ባጃጅና አውቶቡስ ለማስተዳደር አራት አማራጮች ሲነጻጸሩ

ምሽት 1 ሰዓት አካባቢ ነው። ፒያሳ፣ ከጃንተከል ዋርካ ትንሽ ወረድ ብሎ ሰው ተሰልፏል። ሁሉም የሚጠብቀው የአዘዞን ታክሲ ነው። አንድ ሚኒባስ መጣ። ታፔላው ላይ አዘዞ ተብሎ ተጽፏል። ረዳቱ ግን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ማራኪ ብቻ! ማራኪ ብቻ!» ይላል። ከፊቴ የቆሙ እናት የዱቄት ከረጢታቸውን ከትከሻቸው አወረዱና «ልጄ፣ ከማራኪ በኋላስ በምን ልሂድ?» አሉት። «እማማ፣ እዚያ ሌላ ይገኛል» አላቸው። ገቡ። ምን ያድርጉ? ያን ምሽት ለአንድ መንገድ ሁለት ጊዜ ከፈሉ።

ይህን «የረዳቶች ስግብግብነት» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኔም ብዙ ዓመት እንደዚያ ነበር የማስበው። ከሾፌሮች ጋር ቁጭ ብዬ ሳወራ ግን ሌላ ነገር ገባኝ። አንዱ በአጭሩ እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ ማታ አዘዞ ሞልቼ እወርዳለሁ። ስመለስ ግን ባዶዬን ነው። ማራኪ ድረስ ብቻ ከተመላለስኩ በሁለቱም በኩል ሰው አላጣም። የቀን ገቢ የሚጠብቅ ባለቤት አለብኝ። ያንን ባዶ ወንበር ማን ይከፍለኛል?»

ጥያቄው ይኸው ነው። የከተማ ትራንስፖርት ሲነሳ ሁላችንም ስለ መኪናው እናወራለን። ባጃጅ ይብዛ፣ ሚኒባስ ይጨመር፣ አውቶቡስ ይምጣ እንላለን። አስተዳደሩ ግን መኪና ከመምረጡ በፊት አንድ ነገር መቁረጥ አለበት። ሰው ያልሞላበት ጉዞ ኪሳራው በማን ላይ ይውደቅ? በሾፌሩ? በተሳፋሪው? ወይስ በከተማው በጀት? አራቱን አማራጮች የማወዳድረው በዚህ ሚዛን ነው። በቀበሌ ስብሰባ እጁን አውጥቶ ለሚናገር ነዋሪ፣ ለማኅበር አመራርና ለምክር ቤት አባል ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ማን ምን ይወስናል?

ብዙ አቤቱታ ሰሚ የሚያጣው የተሳሳተ በር ስለሚያንኳኳ ነው። ስለዚህ ከዚህ እንነሳ።

በፌዴራል ደረጃ ሕግና ደረጃ ይወጣል። የትራንስፖርት አዋጅ አለ። ተሽከርካሪ የሚመዘገብበትና የሚመረመርበት አዋጅ ቁጥር 681/2002 አለ። የሦስተኛ ወገን መድን የሚገዛው በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ነው። ታርጋው፣ ቦሎው፣ መድኑ ሁሉ መነሻው እዚያ ነው። የነዳጅ ዋጋም የሚወሰነው ከላይ ነው። ክልሉ ታሪፍ ያወጣል፤ ነዳጅ ሲጨምር ታሪፉን ይከልሳል። ከተማው ደግሞ መስመር ይከፋፍላል፣ ፌርማታና የተራ ቦታ ይለያል፣ ስምሪት ይሰጣል፣ ይቆጣጠራል።

በአጭሩ «ታሪፉ ራሱ በዛ» የሚል ቅሬታ የከተማው ጉዳይ ብቻ አይደለም። «ከታሪፍ በላይ አስከፈለኝ» ወይም «መስመሩን ቆረጠብኝ» የሚለው ግን የከተማው ነው።

አንድ ሌላ ችግር አለ፤ ብዙም አይነሳም። ጎንደር የማዕከላዊ ጎንደር ዞን መቀመጫ ናት፤ ከተማዋ ግን የራሷ አስተዳደር አላት። ከቆላ ድባ፣ ከማክሰኚት፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ወይም ከአይከል ለሕክምና የሚመጣ ሰው በአንድ ጉዞ ሁለት አስተዳደር ያቋርጣል። መናኸሪያ ሲደርስ የአንዱ ኃላፊነት ያበቃል። የሌላው ይጀምራል። በመሐሉ በሽተኛ ይዞ የቆመው ሰው ኮንትራት ባጃጅ ይለምናል። ወረዳውንና ከተማውን አንድ ላይ የሚያይ ዕቅድ ካልተሠራ ይህ ክፍተት በምንም ዓይነት መኪና አይደፈንም።

ሌላ አገር ይህን ሥራ የሚሸከመው ብዙ ጊዜ ካውንቲ የሚባለው እርከን ነው። እኛ ጋ ዞንን ወይም ትልቅ ከተማን ይመስላል። ጎረቤታችን ኬንያ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት የካውንቲ መንገድ፣ የመንገድ መብራት፣ የትራፊክና የመኪና ማቆሚያ፣ የሕዝብ የመንገድ ትራንስፖርት ለ47ቱ ካውንቲዎች ተሰጥቷል። ማታቱ የሚባሉት የግል ሚኒባሶች የሥራ ፈቃድ ግን ከብሔራዊው የትራንስፖርትና ደህንነት ባለሥልጣን ነው። የተከፋፈለ ሥልጣን የእኛ ብቻ ችግር አይደለም ማለት ነው።

አንደኛው አማራጭ፦ የግል ባለንብረት፣ ማኅበርና ስምሪት

ይህ አሁን የምናውቀው አሠራር ነው። መኪናው የግለሰብ ነው። ባለንብረቶች በማኅበር ይደራጃሉ። ከተማው መስመር ይመድባል፣ ታፔላ ያስለጥፋል፣ የባጃጁን የጎን ቁጥር ይመዘግባል። ተራ አስከባሪው ወረፋውን ይጠብቃል። ገንዘቡ በሙሉ ከተሳፋሪው ኪስ ይመጣል።

ጥሩ ጎኑን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ነው። ለከተማው በጀት ቀላል ነው። አንድም መኪና አይገዛም፣ አንድም ጎማ አይቀይርም። ለብዙ ወጣት እንጀራ ነው። ባጃጁ ወደ ቁስቋም ሽቅብ፣ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ በየሰፈሩ ኮብልስቶን ውስጥ እየተጠማዘዘ ይገባል። አውቶቡስ እዚያ አይደርስም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ኮረብታ ለኮረብታ የተዘረጋች ከተማ ናት። ይህን መሬት የሚያውቀው ባጃጅ ነው።

ድክመቱ ባዶው ወንበር ላይ ነው። በቁጥር እንየው። ለምሳሌ ያህል 12 ወንበር ያለው ሚኒባስ ማታ አዘዞ ሞልቶ ወረደ እንበል። ሲመለስ 3 ሰው ብቻ አገኘ። በደርሶ መልስ 24 ወንበር ነበረው፤ የተከፈለለት 15ቱ ነው። 9 ወንበር ባዶ ነዳጅ በልቷል። አዘዞ ከፒያሳ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ያ ሁሉ መንገድ ከሾፌሩ ኪስ ነው። ስለዚህ መስመር ይቆርጣል። ወይም ትርፍ ይጭናል። ባጃጁ ለ3 ተሳፋሪ ተሠርቶ 4ኛው ከሾፌሩ ጎን የሚንጠለጠለው በዚሁ ምክንያት ነው። ወይም ደግሞ ምሽት ላይ «ኮንትራት ካልሆነ አልሄድም» ይላል። ኪሳራው በመጀመሪያ የሾፌሩ ነበር፤ ዞሮ ዞሮ ግን ከረጢት የያዙት እናት ላይ አረፈ።

ቁጥጥር ይህን ይፈታዋል? በከፊል። አዲስ አበባ ሚኒባሶችን በዞን ከፋፍላ ታፔላ ማስለጠፍ የጀመረችው በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። ታክሲ የማይደፍራቸው ሰፈሮች የተመደበላቸው ታክሲ አገኙ። መስመር መቁረጥ ግን አልጠፋም። ተቆጣጣሪው ወደ ቤቱ ሲገባ ታፔላው ብቻውን ሰው አይጭንም። እኛም ጋ ያየሁት ይኸው ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተቆጣጣሪ ባለበት ሥርዓት አለ፤ ማታ የለም።

ይህን አማራጭ ይዞ ለመቀጠል የወሰነ ከተማ ሦስት ነገር ቢያደርግ ብዙ ይሻሻላል ብዬ አምናለሁ። አንደኛ፣ መስመሮችን በየተራ ማዞር። አንድ ማኅበር በዚህ ሳምንት የሚያዋጣውን መስመር ከያዘ፣ በሚቀጥለው የማያዋጣውን ይይዛል። የባዶው ወንበር ኪሳራ በሁሉም ይከፋፈላል። ሁለተኛ፣ የምሽት ተረኛ ማስገደድ። መድኃኒት ቤት ተረኛ እንዳለው ሁሉ እያንዳንዱ ማኅበር እስከ ምሽት 3 ሰዓት የሚሠሩ ተረኛ መኪኖችን በየዕለቱ ያሳውቅ። ሦስተኛ፣ ቅጣቱን ለማኅበሩ ጭምር ማድረግ። አሁን አንድ ሾፌር ቢቀጣ ሌላው አይሰማውም። ማኅበሩ ተራውን የሚያጣ ከሆነ ግን አባላቱ እርስ በርስ ይቆጣጠራሉ።

እዚህ ላይ የኬንያ ልምድ ይጠቅማል። እዚያም ማታቱ የግል ነው። ባለንብረቱ ግን ሳኮ በሚባለው የኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም በድርጅት ሥር ካልገባ ፈቃድ አያገኝም። ቁጥጥሩ ከነጠላ መኪና ወደ ማኅበር እንዲያልፍ ነው የተፈለገው። ማታቱ ዛሬ ሥርዓት ይዟል ማለቴ አይደለም። ግን ተጠያቂ የሚሆን አካል አለ።

ሁለተኛው አማራጭ፦ የከተማው የራሱ አውቶቡስ

ሰው በስብሰባ ላይ ብዙ የሚጠይቀው ይህን ነው። «ለአዲስ አበባ አንበሳ አለ፤ ለእኛስ?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አንበሳ ከ1930ዎቹ ጀምሮ አዲስ አበባን አገልግሏል። ሸገር በ2008 ዓ.ም. ተጨመረ። ዋጋው ከታክሲው ዝቅ ያለ ነው። ተማሪም ጡረተኛም ይሳፈርበታል።

ዋጋው ዝቅ ያለው ግን አውቶቡሱ ርካሽ ስለሆነ አይደለም። የአዲስ አበባ አስተዳደር ይደጉመዋል። የባዶው ወንበር ሂሳብ ወደ ከተማው ካዝና ሄዷል። የከተማ አውቶቡስ በትኬት ብቻ ወጪውን የሚሸፍንባቸው ከተሞች ጥቂት ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ሲያትልን የያዘው ኪንግ ካውንቲ አውቶቡሱን ከ1994 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ራሱ ያስተዳድራል። ከትኬቱ የሚበልጠው ገቢ ከሽያጭ ታክስ ነው። በዋና ከተማዋ በዋሽንግተን አጠገብ ያለው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ ከ1975 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የራሱ አውቶቡስ አለው። ትልቁ የክልሉ ባቡርና አውቶቡስ የማይገባበትን ሰፈር እንዲሸፍን ነው የተጀመረው። በ2025 (እ.ኤ.አ.) ትኬቱን ጭራሽ አንስቶታል። የሚቻለው ግን ቋሚ የታክስ ገቢ ስላለው ነው።

ጎንደር አውቶቡስ ብትገዛ የት ያዋጣል? መልሱ አጭር ነው። ሰፊ አስፋልት ያለው፣ ብዙ ሰው በአንድ አቅጣጫ የሚሄድበት፣ ርቀቱ ረዘም ያለ መስመር ላይ። ይህ ማለት ከፒያሳ በማራኪ በኩል አዘዞ፣ ከዚያም ጠዳ ነው። የተማሪው፣ የሠራተኛውና የገበያተኛው መንገድ እሱ ነው። ወደ ኮረብታው ሰፈሮች አውቶቡስ መላክ ጎማና ፍሬን መጨረስ ነው።

ግዢው ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ከ3 ዓመት በኋላ ይመጣል። የመለዋወጫ ዕቃ በውጭ ምንዛሪ ነው። ጋራዥ፣ መካኒክ፣ የማደሪያ ግቢ፣ ትኬት ቆራጭ፣ የሾፌር ደመወዝ አለ። አንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ በሳር የተዋጡ ሰርቪሶች አይቼ አውቃለሁ። ጎማቸው ተንፍሶ፣ መስተዋታቸው አቧራ ጠጥቶ። አንዱን የጥበቃ ሠራተኛ «ምን ሆነው ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። «ዕቃ ጠፍቶ ነው ወንድሜ፤ አንዱን ፈተው ለአንዱ ሲያደርጉ ሁሉም ቆሙ» አለኝ። ያን ግቢ ካየሁ ወዲህ «ስንት አውቶቡስ ይገዛ?» ከሚለው በፊት «ስንት መካኒክ ይቀጠር?» ብዬ ነው የምጠይቀው።

ስለ ኤሌክትሪክም ይነሳል። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪና ማየት ብርቅ አይደለም። ለከተማ አውቶቡስ የነዳጅ ወጪን ይቀንሳል። ቻርጅ ማድረጊያ ቦታና የማያቋርጥ መብራት ግን ቀድሞ መዘጋጀት አለበት።

ሦስተኛው አማራጭ፦ መኪናው የግል፣ መስመሩ የከተማው

እኔ ይበልጥ የማደላው ወደዚህ ነው። ስለዚህ ጠበቅ አድርጌ ልያዘው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከተማው መስመሩንና ሰዓቱን ይወስናል፤ ታሪፉ ክልሉ ያወጣው ነው። ከዚያ ጨረታ ያወጣል። ማኅበር ወይም ድርጅት ይወዳደራል። ያሸነፈው በተሳፋሪ ብዛት ሳይሆን በሄደው ኪሎ ሜትር ወይም በምልልስ ይከፈለዋል። ከተሳፋሪ የተሰበሰበው ገንዘብ ለከተማው ይገባል፤ የጎደለውን ከተማው ይሞላል። መኪናው 12ም ይዞ ሄደ 3፣ ክፍያው ያው ነው። ስለዚህ ማራኪ ላይ ለመቁረጥ ምክንያት የለውም። እንዲያውም ከቆረጠ አይከፈለውም።

ይህ ከነዳጅ ድጎማ በምን ይለያል? በብዙ። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የታለመ የነዳጅ ድጎማ ለሕዝብ ማመላለሻ መኪኖች በቴሌብር ሲሰጥ ነበር። ሐሳቡ የነዳጅ ጭማሪው ተሳፋሪው ላይ እንዳይወድቅ ነው። ድጎማው ግን ከመኪናው ጋር እንጂ ከጉዞው ጋር አልተያያዘም። በድጎማ የቀዳ ሾፌር መስመር ቢቆርጥ ድጎማው አይቆረጥበትም ነበር። ይህ በጨረታ የሚሰጥ የኮንትራት አሠራር ግን ድጎማውን ከሄደው መንገድ ጋር ያስረዋል። ብሩ የሚወጣው መኪናው አዘዞ ከደረሰ ብቻ ነው።

ይህን በደንብ የምታስተምረን እንግሊዝ ናት። ከለንደን ውጭ ያለው አውቶቡስ ከጥቅምት 1986 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለግል ድርጅቶች ነፃ ተለቀቀ። ድርጅቶቹ የሚያዋጣውን መስመር መረጡ። ምሽቱን፣ እሑዱንና ገጠሩን ተዉት። እዚያ ላይ የካውንቲ ምክር ቤቶች ገቡ፤ የተተወውን መስመር በጨረታ እየከፈሉ ያስሠሩ ጀመር። ለጊዜው ሠራ። ከ2010 (እ.ኤ.አ.) በኋላ የምክር ቤቶቹ በጀት ሲቀነስ ግን ብዙዎቹ መስመሮች አብረው ጠፉ። ታላቋ ማንችስተር ሌላ መንገድ ያዘች። ከመስከረም 2023 እስከ ጥር 2025 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ደረጃ በደረጃ አውቶቡሶቿን በሙሉ በኮንትራት ሥር አስገባች። የሚያዋጣውም የማያዋጣውም መስመር በአንድ ቋት ሆነ። የአንዱ ትርፍ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል።

ከዚህ ለጎንደር የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ይመስለኛል። የማያዋጣውን መስመር ብቻ ለይቶ በጀት መመደብ አደገኛ ነው። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው። የሚያዋጣውንና የማያዋጣውን አጣምሮ በአንድ ኮንትራት መስጠት ይሻላል። ለምሳሌ የፒያሳ–ማራኪ መስመርን የሚፈልግ ማኅበር የፒያሳ–ወለቃን ወይም የአዘዞ–ጠዳን የምሽት ምልልስ አብሮ ይውሰድ።

ችግር የለውም? አለው። አንደኛ፣ ከተማው በወቅቱ መክፈል አለበት። ክፍያ 2 ወር ከዘገየ ሾፌሩ ጎማ አይቀይርም፤ 3ኛው ወር ላይ አይመጣም። ሁለተኛ፣ ምልልሱን የሚቆጥር ሰው ወይም ጂፒኤስ ያስፈልጋል። ወረቀት ላይ 10 ምልልስ ተጽፎ መንገድ ላይ 6 ከሆነ ገንዘቡ ፈሰሰ ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ጨረታው ንጹሕ ካልሆነ የለመድነው መስመር የመሸጥ ጣጣ በሌላ ስም ይመለሳል። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው የማደላው። ምክንያቱም እነዚህ ችግሮች የሚታዩ ናቸው፤ ውሉ ላይ ተጽፈው ይጠየቃሉ። የባዶው ወንበር ችግር ግን ዛሬ ማታ በጨለማ እናቶች ላይ ያርፋል፤ ማንም አይመዘግበውም።

በአንድ ጊዜ በሁሉም መስመር መጀመር አያስፈልግም። በአንድ መስመር፣ ከምሽት 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ብቻ መጀመር ይቻላል።

አራተኛው አማራጭ፦ ሲጠራ የሚመጣ

ይህ ለጥቂት ሰው ግን ለከባድ ችግር ነው። አሜሪካ ውስጥ የገጠር ካውንቲዎች መደበኛ አውቶቡስ ማሠማራት አይችሉም፤ ሰው የለም። ስለዚህ ተሳፋሪው ቀደም ብሎ ይደውላል፣ አነስተኛ መኪና ከቤቱ ወስዶ ሆስፒታል ያደርሰዋል። ከ50,000 ሰው በታች ላላቸው አካባቢዎች የፌዴራሉ መንግሥት ለዚህ የተለየ ድጎማ አለው። በ1990 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ደግሞ መደበኛ አውቶቡስ ያለው አስተዳደር በአውቶቡስ መሳፈር ለማይችል ሰው ሌላ መኪና እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ከመስመሩ ግራና ቀኝ እስከ 1.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ድረስ።

እኛ ጋ ለዚህ አዲስ መኪና አያስፈልግም። ባጃጁ አለ። ቤት ድረስ ይመጣል፣ ወለሉ ዝቅ ያለ ነው፣ ክራንች የያዘ ሰው ይገባበታል። የሚጎድለው ክፍያው ነው። ለዲያሊሲስ (ለኩላሊት እጥበት) የሚመላለስ በሽተኛ ወይም ማየት የተሳነው ተማሪ በየጊዜው ኮንትራት መክፈል አይችልም። ከተማው ኩፖን ቢሰጥና ባጃጁ ኩፖኑን ለማኅበሩ አስረክቦ ብሩን ቢወስድ ጥሩ ጅምር ነው። ስልክ የሚቀበል አንድ ሰው፣ አንድ መዝገብ፣ ጥቂት የተመረጡ ባጃጆች። ከአውቶቡስ ግዢ ጋር ሲነጻጸር ወጪው ኢምንት ነው።

ታዲያ የትኛው የት ይሁን?

አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል አያስፈልግም። መስመሩ ይመርጥ።

ሰፈር ውስጥ፣ ሽቅብና ኮብልስቶን ባለበት፣ ቀን ላይ ሰው የማይጠፋበት ከሆነ አንደኛው አማራጭ ይበቃል። ባጃጁን በማኅበርና በስምሪት ማስተካከል እንጂ ሌላ ነገር መፈለግ ትርፉ ድካም ነው። ከፒያሳ አዘዞና ጠዳ ባለው ዋና መስመር ጠዋትና ማታ ጭንቅንቅ ሲሆን አውቶቡስ ይገባል፤ መጀመሪያ ግን ጋራዡና የመለዋወጫ በጀቱ በጽሑፍ ይታይ። ጋራዡ ከሌለ በሦስተኛው አማራጭ የግል ሃይገር ወይም ቅጥቅጥ ተኮናትሮ ይሥራው። ለምሽት፣ ለከተማው ዳርና ለሆስፒታል የፈረቃ ሠራተኛ ሦስተኛው። ለበሽተኛና ለአካል ጉዳተኛ አራተኛው።

ጥምቀት የራሱ ነው። ጥር 10 እና 11 ከተማዋ ሌላ ከተማ ትሆናለች። ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ መንገዱ የሰው ነው፤ መኪና ቦታ የለውም። ለሁለት ቀን የመኪና ማቆሚያ ከመሐል ከተማ ወጣ አድርጎ፣ ከዚያ እስከ በዓሉ ዳር በምልልስ ማመላለስ ነው የሚሻለው። ሽማግሌና ነፍሰ ጡር በእግር ብዙ እንዳይሄዱ ቅድሚያ ይሰጥ።

ከወረዳ ለሚመጣው ደግሞ አማራጭ ከመምረጥ በፊት የሚቀድም ሥራ አለ። ዞኑና ከተማው አንድ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለው ከመናኸሪያ ወደ ሆስፒታል የሚሄድ አንድ የታወቀ መስመር ይወስኑ። ከአይከል ሌሊት ተነስቶ ጠዋት የሚገባ ሰው ከመኪና ሲወርድ የት እንደሚሰለፍ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ያንብብ።

ሳይቆጠር አይታቀድም

በየስብሰባው «ታክሲ ያንሳል» ይባላል። የት? ስንት ሰዓት? ወደ የት? እዚህ ላይ ዝም እንላለን። ያለ ቆጠራ የተሠራ ስምሪት ግምት ነው። ቆጠራው ደግሞ ውድ መሣሪያ አይፈልግም።

ሁለት ሰው፣ አንድ ደብተር፣ አንድ ሰዓት። አንዱ ፒያሳ ይቆማል፣ ሌላው አዘዞ። የሚጻፉት አምስት ነገሮች ናቸው፦ መኪናው የደረሰበት ሰዓት፣ የጎን ቁጥሩ ወይም ታርጋው፣ ሲመጣ የያዘው ሰው፣ ሲሄድ የያዘው ሰው፣ ትቶት የሄደው ሰልፍ። ፒያሳ ላይ የተመዘገበ የአዘዞ ታፔላ አዘዞ ላይ ካልታየ የት እንደተቆረጠ ይታወቃል። ቅዳሜ ለብቻው ይቆጠር፤ የገበያ ቀን ነው። የዩኒቨርሲቲው ትምህርት ሲከፈትና ሲዘጋም ለየብቻ ይቆጠር። የማራኪ መስመር በሁለቱ ወቅቶች አንድ አይደለም።

ይህን ማኅበራቱም ተማሪዎችም ሊሠሩት ይችላሉ። ውጤቱ በመናኸሪያው ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ደግሞ ሾፌሩም ተሳፋሪውም በአንድ ቁጥር ይከራከራል።

ስብሰባ ላይ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዕቅድ ይዞ የመጣ ኃላፊ ፊት ሲቀመጡ እነዚህን ይጠይቁ። መኪናው ባዶውን ሲመለስ ወጪው የማን ነው? የመጨረሻው መኪና ከፒያሳ ስንት ሰዓት ይነሳል? እሱ ካልመጣ ወደ የትኛው ስልክ ይደወላል? ሾፌሩ የሚከፈለው በሰው ነው ወይስ በምልልስ? ገንዘቡ ለስንት ዓመት ተይዟል? በሚቀጥለው ዓመት በጀት ቢቀነስ መጀመሪያ የሚታጠፈው የትኛው መስመር ነው?

የመጨረሻውን ጥያቄ አጥብቀው ይያዙት። መልሱ «የአዘዞ የምሽቱ» ከሆነ ያ ዕቅድ ወደ ጠረጴዛው ይመለስ፤ የምሽቱ መስመር ከፒያሳ–ማራኪው ጋር በአንድ ውል ታስሮ ይምጣ።